ቃጭሉን አትጠብቁ፤ በአሪዞና በረሃ ለሚያድን ሰው የራትልስኔክ ጥንቃቄ

ዋኖስ የሚያድን ሰው ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። አጋዘን የሚያድን ደግሞ ባይናኩላሩን ይዞ ማዶ ያለውን ተረተር ሲያስስ ይውላል። ሁለቱም እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ይረሱታል። በአሪዞናና በአካባቢው ደረቅ አገር አዳኝን ለእባብ የሚያጋልጠው ይህ መርሳት ነው። ራትልስኔክ የሚባለው፣ ጅራቱ ላይ ቃጭል ያለው መርዛማ እባብ ሰው አያሳድድም፤ መርዙን የሚፈልገው ለአይጥና ለጥንቸል ነው። ሰው የሚነድፈው ሲረገጥ፣ እጅ ሲያርፍበት ወይም ሳይታይ አጠገቡ ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው በሙሉ ሦስት ነገር ላይ ያርፋል፤ እግር የት ይረግጣል፣ እጅ የት ይገባል፣ መቀመጫስ የት ይወርዳል።

ቆላ ያደገ ኢትዮጵያዊ እፉኝትን ያውቃታል። ወፍራም ናት፣ ጭንቅላቷ ሰፋ ያለ ነው፣ ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ጸጥ ትላለች። ራትልስኔክ የዚያው ወገን ነው፤ የሚገኘው ግን በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። አሪዞና ውስጥ 13 ዓይነት አለ፤ ይህን ያህል ያለው ሌላ ስቴት የለም። አዳኝ አብዝቶ የሚገጥመው ዌስተርን ዳይመንድባክ የሚባለው ነው። መልኩ አቧራማ ግራጫ ሆኖ ጀርባው ላይ የደበዘዘ የዳይመንድ ቅርጽ ተደርድሮበታል፤ ጅራቱ ጥቁርና ነጭ ቀለበት አለው። ያደገው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ይረዝማል፤ ከዚህ በጣም የሚበልጥም ይገኛል። ሞሃቪ የሚሉት ዘመዱ በመልክ ይመስለዋል፤ የብዙዎቹ ሞሃቪዎች መርዝ ግን ነርቭን ያጠቃል። ሜዳ ላይ ቆሞ የትኛው እንደሆነ ለመለየት መጠጋት አያስፈልግም፤ ለሁለቱም የሚጠበቀው ርቀት አንድ ነው።

ስለ ቃጭሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቅርብ ሲሆን ያንቃጭላል፣ እሰማዋለሁ» ይላል። እባቡ ግን የመጀመሪያ መከላከያው ድምፅ ሳይሆን አለመታየት ነው። ቀለሙ ከአፈሩ ጋር አንድ ስለሆነ ዝም ብሎ ተኝቶ አደጋው እንዲያልፍ ይጠብቃል። ካንቃጨለ መደበቁ አላዋጣኝም ብሎ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳያሰማ ይነድፋል።

ቃጭሉ እንደ ጥፍር ካለ ነገር የተሠሩ፣ እርስ በርስ የተቆላለፉ ክፍሎች ድርድር ነው። እባቡ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር አንድ ክፍል ይጨምራል። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቀይር ስለሚችል፣ ጫፉም እየተሰበረ ስለሚወድቅ፣ ክፍሎቹን ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅ አይቻልም። አዲስ የተወለደው ጅራቱ ላይ ያለው አንድ ቁልፍ የምታህል ብቻ ናት፤ የምትጋጭበት ሌላ ክፍል ስለሌለ ድምፅ የላትም። መርዙ ግን ከተወለደ ቀን ጀምሮ አለ። ግልገሎቹ በብዛት የሚወለዱት ከጁላይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ የቀስት አጋዘን አደንና የዋኖስ አደን የሚከፈተውም በዚሁ ሰሞን ነው። አንድ እርሳስ የሚያህል፣ ድምፅ የሌለው እባብ ሣር ውስጥ ባለበት ወቅት ጆሮ ላይ መታመን አይገባም።

ድምፁን አስቀድሞ ማወቅ ግን ይጠቅማል። ከራትልስኔክ ወገን አንዱ በሳይንስ ስሙ ሲስትሩረስ ይባላል፤ የጸናጽል ጅራት ማለት ነው። እውነተኛው ድምፅ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸናጽል አይቆራረጥም፤ የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲጣል የሚሰማው «ቸስ» ሳያቋርጥ ቢቀጥል ያንን ይመስላል። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንድ ነገር ወደ እባቡ ሲጠጋ የቃጭሉ ምት እየፈጠነ ይሄድና በአንድ ጊዜ ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ይዘላል፤ የሚሰማው ሰው እባቡ ካለበት ይልቅ በጣም የቀረበው ይመስለዋል። ስለዚህ ድምፁ ስለ ርቀቱ የሚሰጠውን ግምት አትመኑት። በዚያ ላይ ነፋስ፣ ዛፍ ላይ የሚጮሁ ነፍሳትና ለተኩስ የምታደርጉት የጆሮ መክደኛ አለ። ድምፅ አጉልቶ የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክስ መክደኛ ካላችሁ በመንገድ ላይ ክፍት አድርጉት፤ ተራ የጆሮ ውታፍ ከሆነ ተኩስ ወደሚጠበቅበት ቦታ እስክትደርሱ አታስገቡት።

ሰዓትና ሙቀት

ራትልስኔክ ሙቀቱን ከአካባቢው ስለሚያገኝ እንቅስቃሴው በቴርሞሜትር ይመራል። አየሩ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ፋራናይት (ከ21 እስከ 32 ሴልሺየስ) ሲሆን በደንብ ይንቀሳቀሳል። ወደ 100 ሲጠጋ ፀሐይ ላይ መቆየት አይችልም፤ መሬቱ ከአየሩ በጣም ይበልጥ ይግላልና ጥላ ወይም ጉድጓድ ይፈልጋል፤ እንቅስቃሴውንም ወደ ምሽትና ሌሊት ያዞራል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ዋኖስ ለማደን ገና ሳይነጋ ከመኪና የሚወርድ ሰው እባቡ ሌሊቱን ሲንቀሳቀስ ባደረበት ሰዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ የግንባር ባትሪ ሳይበራ አንድ እርምጃ እንኳ አይረገጥ። ወፎቹ ይሸሻሉ ብሎ ባትሪ ማጥፋት የተለመደ ስህተት ነው።

ሞንሱን የሚሉት ዝናብ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘልቃል፤ ወሩ ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ዝናብ በጣለበት ሞቃት ምሽት እባቦች በብዛት ይወጣሉ፤ በአስፋልት ላይም ይታያሉ።

የድርጭት አደን በኦክቶበር አጋማሽ ይጀምርና እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይዘልቃል። በዚህ መሃል ቅዝቃዜው ሲመጣ እባቦቹ ወደ ድንጋይ ስንጥቅ ይገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ድንጋያማ ተዳፋት ይመርጣሉ። «ብርድ ነው፣ እባብ የለም» የሚለው ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በጃንዋሪ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጠንከር ካለች ከስንጥቁ አፍ ወጥተው ሲሞቁ ይገኛሉ፤ ጃቬሊና የሚባለውን አሳማ መሰል እንስሳ የሚያድን ሰው ብርዱን ሸሽቶ የሚቀመጠውም እዚያው ፀሐያማ ድንጋይ ላይ ነው። ትክክለኛው የአደን ቀን በየዓመቱ ስለሚወጣ ከስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መመሪያ ላይ ይታይ።

የሚተኛበት ቦታ

በሞቃት ቀን ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ይጠረጠራል። ሜስኪት የሚባለው ዛፍ አፋር ውስጥ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ ዘመድ ነው፤ ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ መሬት የሚነካ በመሆኑ ሥሩ ያለው ጥላ ጨለማ ነው። እዚያ ተጠቅልሎ የተኛ ዳይመንድባክ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ሲታይ ልክ የደረቀ ኩበት ይመስላል፤ ስፋቱም ቀለሙም ያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ዓይን ጠርዙ ላይ ትንሽ ሲቆይ ነው፤ ኩበት ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ነው፣ እባብ ግን እንደ ገመድ ጥቅል ክቡ በክቡ ላይ ተደራርቦ ይታያል፣ መሃሉ ላይም ጭንቅላቱ ጋደም ብሏል።

በቁልቋልና በቁጥቋጦ ሥር ጉልበት ድረስ የተከመረ እንጨት፣ እሾህና የደረቀ እበት ካያችሁ ፓክራት የሚባለው አይጥ ቤት ነው። እባቡ አይጡን ሊበላ ይመጣል፣ በቤቱም ይጠለላል። ከዚህ ክምር ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፤ በእግር አትነካኩት። በለሱም ሥር እንዲሁ ነው።

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ያለው ያገራችን ሰው የእባብን ቤት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የፈረሰ አጥር፣ የማዕድን ቁፋሮ የተወው የድንጋይ ክምር፣ የቋጥኝ ሥር ሁሉ ይኸው ነው። የከብት ኩሬና ለዱር እንስሳት የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያም አይጥና ወፍ ስለሚስብ እባብም አያጣውም። የዋኖስ አዳኝ የሚመርጠው ደግሞ የውሃ ዳር ነው፤ ከመቀመጣችሁ በፊት ዙሪያውን 3 ሜትር ያህል በባትሪ አስሱ።

አረማመድ

አንድ ደንብ ይበቃል፤ ወይ ሂዱ ወይ እዩ። ስትራመዱ ዓይናችሁ ከፊታችሁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ያለው መሬት ላይ ይሁን፤ ማዶውን ማየት ስትፈልጉ ቁሙ። እየሄዱ በባይናኩላር ማየት፣ እየሄዱ ስልክ ላይ ካርታ ማየት እኩል አደገኛ ናቸው።

ምርጫ ሲኖር በደረቁ የአሸዋ ወንዝ መሃል፣ በከብት መንገድ ወይም በተራቆተ መሬት ሂዱ። የወደቀ ግንድ ወይም ትልቅ ድንጋይ ሲያጋጥም ተሻግራችሁ አትርገጡ፤ ማዶው አይታይምና። ላዩ ላይ ውጡ፣ ማዶውን ተመልከቱ፣ ከዚያ ራቅ አድርጋችሁ ውረዱ። ቋጥኝ ስትወጡ ዓይናችሁ ያላየውን እርከን እጃችሁ አይያዝ። ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚረዝም በትር ያዙ፤ ቁጥቋጦ ለመግለጥም፣ ወፍ ለመሳብም ያገለግላል። የጠመንጃ አፈሙዝ ለዚህ ሥራ አይውልም፤ ሰው በዚህ ራሱን አቁስሏል።

እባቡ የሚወነጨፈው እስከ ቁመቱ ግማሽ ድረስ ነው። የ1.2 ሜትር እባብ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ውርወራው ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ፈጥኖ እግርን ማንሳት የሚባል ነገር የለም። 2 ሜትር ከጠበቃችሁ ግን ሊደርስባችሁ አይችልም።

ለማዶ ቅኝት ስትቀመጡ በተለይ ጀርባ የምታስደግፉበትን ቋጥኝ ሥር በበትሩ ዳስሱ። ታጣፊ ወንበር መሬት ላይ ከመቀመጥ ይሻላል። ቦርሳችሁን ጥላ ውስጥ ክፍቱን አትተዉት፤ ስትነሱም በእጅ ከመንካታችሁ በፊት በበትሩ ገልብጡት።

የወደቀ ወፍ ማንሳት

የወፍ አዳኝ እጁን የሚነደፈው እዚህ ነው። ድርጭት ስትመታ የምትወድቀው ወይም ቆስላ የምትገባው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ሰው ደግሞ እንዳትጠፋበት ቸኩሎ እጁን ይሰዳል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የወደቀችበትን ቦታ በአንድ ምልክት ያዙ። የጠመንጃውን ጥይት አውጡና ጠመንጃውን ክፍቱን አድርጉት። የፀሐይ መነጽር አውልቁ፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ዓይን ጥላ ውስጥ ያለውን ወዲያው አያይምና 10 ሰከንድ ያህል ቆማችሁ አስለምዱት። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ፣ ግን ከ2 ሜትር ሳትቀርቡ፣ የግንዱን ሥር በባትሪ አብሩበት፤ ቀንም ቢሆን። ወፏ ከታየች በበትሩ ወደ ግልጽ ቦታ ሳቡና አንሱ። ካልታየች ቁጥቋጦውን በበትሩ መታ መታ አድርጉና ጠብቁ። እጅ የሚገባው ዓይን ያየው ቦታ ብቻ ነው።

ልብስና ጫማ

ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ ወፍራም የቆዳ ቡትና ሰፋ ያለ ጂንስ ከሁሉ በፊት ይመጣሉ። በካሊፎርኒያ በሰው አካል ምትክ ጓንት ቀርቦ በተደረገ ሙከራ፣ ጂንስ የተጠለቀበት ጓንት ከጂንስ አልባው ጋር ሲነጻጸር እባቡ ወደ ውስጥ ያስገባው መርዝ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ጂንሱ ሰፊ መሆኑ ጥርሱ ቆዳ ላይ ሳይደርስ ጨርቅ ላይ እንዲቀር ይረዳል፤ ጠባብ ሱሪ ይህን አያደርግም።

ጌይተር የሚባለው የእግር መሸፈኛ ከዚህ የተሻለ መከላከያ ነው። የእባብ ተብሎ የተሠራውን ግዙ፤ የበረዶና የጭቃ ጌይተር ጥርስ አያስቆምም። ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ እስከ ጉልበት ሥር መድረስ አለበት፤ የታችኛው ጠርዝም ቡቱን ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይሸፍን። ችግር የሚፈጠረው ማሰሪያው ሲላላ ነው፤ ጌይተሩ ወደ ላይ ይሸሽና ቁርጭምጭሚት ላይ ክፍተት ይተዋል። በየሰዓቱ ዳስሱት። ሌላው ችግር ሙቀቱ ነው፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ያላበኛል ብሎ መኪና ውስጥ ይተወዋል። እንዳይተው አየር የሚያስወጣና ቀለል ያለ ምረጡ። ጌይተር ግን እጅንና ጭንን አይከላከልም፤ ስትንበረከኩ ይህን አስታውሱ።

ድምፁን ስትሰሙ

ቁሙ። ወደ የትም አትዝለሉ፤ እባቡ የት እንዳለ ሳይታወቅ መዝለል በላዩ ላይ መውደቅ ሊሆን ይችላል። አብሯችሁ ላለ ሰው «እባብ!» ብላችሁ ንገሩና ጭንቅላትን ብቻ እያዞራችሁ ፈልጉት። ካገኛችሁት መጀመሪያ ከኋላ ያለውን መሬት አይታችሁ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ከሱ ሳትነቅሉ፣ ቀስ ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

አትተኩሱበት። በቅርብ ርቀት ድንጋይ ላይ የተተኮሰ ጥይት ይመለሳል፣ ውሻንና ባልደረባን ይመታል። በአሪዞና ሕግም አራት ዓይነት ራትልስኔክ ፈጽሞ አይነኩም። የተገደለም ቢሆን አደገኛ ነው፤ የተቆረጠ ጭንቅላት አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንኳ ሊነድፍና መርዝ ሊሰጥ ይችላል። ጎፈር ስኔክ የሚባል መርዝ የሌለው እባብም ጭንቅላቱን አጠፍጥፎ፣ ጅራቱን በደረቅ ቅጠል ላይ እያርገበገበ ራትልስኔክ ይመስላል። ጅራቱ ሹል ነው፣ ቃጭል የለውም። አይጥ የሚያጠፋ ጠቃሚ እንስሳ ነውና ተዉት።

ውሻ

የወፍ ውሻ አፍንጫውን ስለሚያስቀድም ብዙውን ጊዜ ፊቱን ይነደፋል። ወቅቱ ከመድረሱ በፊት እባብ እንዲሸሽ የሚያስተምር ሥልጠና ስጡት፣ በየዓመቱም አድሱለት። ወደምታድኑበት አካባቢ ከመሄዳችሁ በፊት የመርዝ ማርከሻ ያለው የእንስሳት ሐኪም ቤት የት እንዳለ በስልክ አጣሩ። ከተነደፈ የአንገት ማሰሪያውን አውልቁ፤ ፊቱና አንገቱ ያብጣልና። በእግሩ አታስሩጡት፤ ከቻላችሁ ተሸክማችሁ ውሰዱት።

ከነደፈ

ወዲያው 911 ደውሉ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያስፈልጋል፤ አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡት በሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ መላክ ይችላሉ። የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ከእባቡ ራቁና ተነዳፊውን አስቀምጡ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባርና የተነደፈው እግር ከሆነ ጫማውን ወዲያው አውልቁ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ እብጠቱ አላስወልቅ ሊል ይችላል። የተነደፈውን አካል በልብ ቁመት ያህል አሳርፉት። የተነደፈበትን ሰዓት ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ የእብጠቱን ጠርዝ አስምሩ፣ በየ15 ደቂቃው አዲስ መስመርና ሰዓት ጨምሩ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጠው እብጠቱ ምን ያህል እንደፈጠነ ከዚህ አይቶ ነው።

አገር ቤት ሲደረጉ ያየናቸው ነገሮች እዚህ ይጎዳሉ። በገመድ ጠፍሮ ማሰር መርዙን አንድ ቦታ አከማችቶ ሥጋውን ይገድላል። በምላጭ መብጣት ደም ያፈሳል፣ መርዙ ራሱም ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ መድማቱ አይቆምም። በአፍ መምጠጥ፣ በእሳት መተኮስ፣ በረዶ ማድረግ፣ አልኮል መጠጣት ሁሉ አይረዱም። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ደም መፍሰስ ስለሚያባብሱ አይወሰዱ። እባቡን ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ማርከሻው ለሰሜን አሜሪካ ራትልስኔኮች ሁሉ ይሠራል።

ከአራት ንድፊያ አንዱ ያህል መርዝ የሌለበት ነው፤ ይህን ግን ሜዳ ላይ ማወቅ አይቻልም። የማቃጠል ሕመምና እብጠት፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ ማስታወክ መርዝ መግባቱን ያሳያሉ። የሞሃቪ ንድፊያ እብጠቱ ትንሽ ሆኖ የዐይን ሽፋን መክበድና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ ይችላል። ምንም ምልክት ባይታይም ሆስፒታል ገብቶ ቢያንስ 8 ሰዓት መታየት ግድ ነው።

በአሜሪካ በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ሰዎች በመርዛማ እባብ ይነደፋሉ፤ የሚሞቱት 5 ያህል ናቸው። ስለዚህ በድንጋጤ መኪና እያበረሩ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ጣት፣ ጡንቻና የእጅ ጉልበት እንዳይጠፋ ግን ጊዜ ወሳኝ ነው። ሕክምናው ክሮፋብ ወይም አናቪፕ የሚባል የመርዝ ማርከሻ ነው። ክሮፋብ ሲጀመር ከ4 እስከ 6 ብልቃጥ፣ አናቪፕ 10 ብልቃጥ ይሰጣል፤ እብጠቱ ካልቆመ ይጨመራል። ሁሉም ትንሽ ሆስፒታል በቂ ክምችት ስለሌለው ወዴት እንደምትሄዱ 911 ይወስን።

ብቻውን የሆነና ስልክ የማይሠራለት ሰው ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ ወደ መንገድ መውጣት አለበት። ከቤት ሲወጣ የት እንደሚያድንና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ነግሮ ከሆነ ግን ፈላጊው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ደም የመርጋት ችግር በቀናት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የታዘዘውን የደም ምርመራ አትዝለሉ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጥርስ አታስነቅሉ፣ ቀዶ ጥገናም አታድርጉ። ድድ ከደማ፣ ሽንት ከቀላ ወይም ሰገራ ከጠቆረ በዚያው ቀን ተመለሱ።